የእትዬ ፊልም

አክስቴ እትዬ ሳል የጀመራት ሰኔ ሲያልቅ፣ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ መጠጣት አቁሞ ማቆር ሲጀምር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ትንሽ መሳሏን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ የዘንድሮው ግን በዝንጅብልም በጤና አዳምም አልመለስ አለ። ትንሹ ልጇ አዲስ አበባ አምጥቶ አስመረመራት። አክታ ሰጠች፣ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ በቀኝ ሳንባዋ የላይኛው ክፍል ላይ ነጣ ያለ ጥላ አየና «ከዚህ በፊት ሳንባ ታመው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃት። ታማ ታውቃለች። በ1990 ዓ.ም. ሰበታ ስትኖር ነቀርሳ ይዟት፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ጨርሳ ድናለች። ያን ጊዜ የተነሳችው ፊልም ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። «አለ እንጂ፣ የት ይሄዳል!» አለች በሙሉ ልቧ።

ያን ፊልም ፈልጎ ማምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሲድን ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ትቶ ነው። ጠባሳው ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አዲስ ነቀርሳም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢም፣ እግዚአብሔር ይጠብቀንና፣ እንደዚያው ነው። የዛሬ ፊልም የሚናገረው የዛሬን ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የተነሳ ፊልም አጠገቡ ሲሰቀል ግን ሐኪሙ የጥላውን ዕድሜ ማንበብ ይችላል። ያኔም እዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ከነበረ ጠባሳ ነው። ያኔ ካልነበረ፣ ወይም ካደገ፣ ምርመራው ይቀጥላል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ምንም ሳይለወጥ የቆየ ጥላ ለሐኪሞች የሚያረጋጋ ምልክት ነው። ለእትዬ ይህ ልዩነት ወደ ቤት በመግባትና በሲቲ ስካን አልፎ ከሳንባ በመርፌ ናሙና በመሰጠት መካከል ያለ ልዩነት ነበር። እሷ ደግሞ መርፌ አጥብቃ ትፈራለች።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ራጁን ያነሳው ጤና ተቋም ያስቀምጠው ይሆናል ብዬ ነው። የዚያን ዘመን ፊልም የለም አሉኝ። ብዙዎቻችን እንደምናውቀው በአገራችን ፊልሙን በቡናማ ፖስታ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደው ታማሚው ራሱ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው የሳንባ ታሪክ የሚገኘው ሳጥኑ ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ወይም ፍራሹ ሥር ነው። ይህን አሠራር የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን ከዚህ ፍለጋ በኋላ ለታማሚው መሰጠቱን ደግፌዋለሁ። መሰጠቱ ላይ ያልተጨመረው «ይህን ዕድሜ ልክዎን እንዳይጥሉት» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ነው።

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታን ታክሲ ያዝኩ። እንጦጦን ስንሻገር ጉሙ ከባሕር ዛፉ ውስጥ እየወጣ መንገዱን ሸፈነው። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩምባውን እየነካካ፣ በሰው እርምጃ ወረደ። ከተራራው ማዶ ያለው ብርድ ከአዲስ አበባ ብርድ ጋር አይተዋወቅም፤ ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡት ይህ ከፍታ ለሳንባ ታማሚ ሽማግሌና አሮጊት ርኅራኄ የለውም። ሰዎች ፍለጋዬ የወሰደኝን ሦስት ከተሞች፣ ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን፣ ዛሬ በአንድ ላይ የሸገር ከተማ ክፍል ስለሆኑ ጎን ለጎን ያሉ ይመስላቸዋል። አንዱ በጎጃም መንገድ፣ አንዱ በአምቦ መንገድ፣ አንዱ በጅማ መንገድ ላይ ነው። በታክሲ ለሚሄድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው አዲስ አበባ ተመልሶ መግባት አለ።

እትዬ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ፍራሹን ራሷ አንስታ ፖስታውን አወጣች። ጥግ ጥጉ አይጥ በልቶታል፣ መሐሉ ግን ደህና ነው። ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩና ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ክንድ ነው። ያውም የልጅ ክንድ፣ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ የተሰበረ። ትንሹ ልጇ በልጅነቱ ከሣር ጋሪ ላይ ሲወድቅ የተነሳው ነበር።

«የኔ አይደለም?»

«የእጅ ነው እትዬ። የምንፈልገው ያንቺን የደረት ነው።»

ብዙ አሰበች። ከሰበታ ለቃ መጀመሪያ የገባችው ቡራዩ ታላቁ ልጇ ቤት እንደነበረ፣ ሱሉልታ የመጣችው ከዚያ በኋላ እንደሆነ፣ ዕቃዋም በሁለት ዙር እንደተጓዘ አስታወሰች። ፊልሙም ሁለት ነበር አለች። አንዱ ገና ስትታመም፣ ሌላው መድኃኒቱን ስትጨርስ። ይህን ስትናገር ልቤ ዘለለ። ለሐኪሙ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በሽታውን ያሳያል፤ የመጨረሻው ግን በሽታው ሲሄድ ምን ትቶ እንደሄደ ያሳያል።

ቀኑ ስለመሸና ጉሙ ስላልተነሳ ታክሲ ጠፋ፤ እዚያው አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሳሏን ሰማሁ።

ቡራዩ የደረስኩት በአስኮ በኩል ነው። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባውን መንገድ ጭቃ አድርጎታል፤ የአክስቴ ልጅ ቤት ደግሞ ከዚያ ላይ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። ሚስቱ ቡና አፈላች፤ እሱ ከሥራ አልተመለሰም። ጉዳዬን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ከጓዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣችና ከፈተችው። ውስጡ በመቀስ የተቆራረጠ ጥቁር ፊልም ነበር። አንዱ ቁራጭ ላይ የጎድን አጥንት፣ ሌላው ላይ የልብ ጠርዝ ይታያል።

የተቆራረጠው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ እሑድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት ያለፈችበት ቀን። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋም ብርሃኑ ደብዝዞ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ነበር። የሰፈሩ ልጆች የእትዬን የመጀመሪያ ፊልም ተካፍለው ያዩበት ያን ቀን ነው። ትልልቆቹም እንደዚያ አይተዋል፤ በየቤቱ የፀሐይ ግርዶሽ ሲባል ራጅ ፊልም መፈለግ የቆየ ልማድ ነው።

ስለ ፊልሙ መቆረጥ ብዙም አላዘንኩም፤ የሐኪሙ ፊልም ይህ አይደለም። ያስጨነቀኝ የልጆቹ ዓይን ነው። ራጅ ፊልም ላይ ጥቁር የሆነው ቦታ አየር ያለበት ነው፣ ጨረሩ ሳይከለከል ያለፈበት። አጥንትና ልብ ባሉበት ደግሞ ፊልሙ ነጣ ይላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ፀሐይ እንደልቧ ታልፋለች። ልጁ ቁራጩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሲያንቀሳቅስ ከጥቁሩ ወደ ነጩ ለመሻገር አንዲት ቅጽበት አትፈጅበትም። የዓይን የውስጥ መጋረጃ ሲቃጠል አያምም፤ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ፣ የማይመለስ ሊሆን በሚችልበት ጊዜ ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ በሙቀት የሚታተመው አዲሱ ፊልም ደግሞ አሠራሩ ከድሮው ይለያል፤ እሱንማ ጭራሽ ለፀሐይ ማሰብም አይገባም። ልጆቹን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትልቁ ልጅ «ታዲያ በምን እንይ?» አለኝ። አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ያለበት የግርዶሽ መነጽር፣ ካልሆነም ቁጥር 14 የሆነ የበያጅ መስታወት አልኩት።

የአክስቴ ልጅ ሚስት ቡናውን ስትጨርስ ዋናውን ነገር ተናገረች። ሁለተኛው ፊልም ከእትዬ ጋር አልመጣም። ሰበታን ስትለቅ አንድ ሣጥን ከቤት አከራይዋ ዘንድ ትታ ነበር። «ሰውዬው ራሳቸው ራጅ ቤት ይሠሩ የነበሩ ናቸው፤ ከጣሉት ይገርመኛል» አለች።

ወደ ሰበታ ስሄድ አየር ጤና፣ ወለቴ፣ ዓለም ገና እያለ መንገዱ ተጨናንቆ ቀኑ እኩል ሆነ። በድሮው አድራሻ ሌላ ሰው ይኖራል። ከሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ወዲህ ያለው ሠፈር ሁሉ ተለውጧል፤ እትዬ «ከዋርካው በታች» ያለችኝ ዋርካ ተቆርጦ በቦታው ባለ ፎቅ ቆሟል። ሱቅ ጠየቅሁ፣ ወፍጮ ቤት ጠየቅሁ። የወፍጮ ቤቱ ሰው «የራጁ ጋሼ?» ብሎ ልጁን መንገድ መሪ አደረገልኝ።

ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ረጅም፣ ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ቡናማ ቀለም ዛሬም ያልለቀቀ ሰው ናቸው። እትዬን ስጠራላቸው ፊታቸው በራ፤ «ቅመም የምትነግደዋ! አለች?» አሉ። ምሳ ሳልበላ ስለ ፊልም መነጋገር አይቻልም ተባለ። ከተበላ በኋላ ወደ ጓዳ ገብተው ፖስታውን ይዘው መጡ። ፖስታው አርጅቷል። ፊልሙን በጠርዙ ይዘው፣ መሐሉን ጣታቸው ሳይነካው፣ ወደ በሩ ብርሃን አነሱት።

«እይ» አሉኝ። «ምን ታያለህ?»

የእትዬን ሳንባ አየሁ። ጎድኖቿ፣ ልቧ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ትንሽ የተጨማደደች ነጭ መስመር። እሳቸው ግን የሚያሳዩኝ ሌላ ነበር።

«ቀለሙን እየው። ቢጫ አለው? ቡናማ አለው? የለውም። ይህን ፊልም ያጠበው ሰው አጥቦታል።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን በደንብ ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ፊልም በአገራችን ሆስፒታሎች እየቀረ፣ ምስሉ በኮምፒውተርና በስልክ መላክ እየተለመደ ነው፤ ይህን ሥራ በእጃቸው የሠሩ ሰዎችም እያረጁ ነው።

ፊልሙ ማለት ፖሊስተር የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ በሁለቱም ፊቱ ጄላቲን ተቀብቷል፤ ጄላቲኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲልቨር ብሮማይድ ቅንጣቶች ተበትነዋል። ጄላቲኑ ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ሳሙኤል ሼፐርድ የሚባል ኬሚስት አንዳንዱ ጄላቲን ለብርሃን ንቁ፣ አንዳንዱ ደካማ የሚሆንበትን ምክንያት ሲመረምር፣ ከብቶቹ የበሉት ሰናፍጭና መሰል ተክል ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ መሆኑን አገኘ። ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር፤ እኔ ነገርኳቸው። «ሰናፍጭ!» አሉና ለባለቤታቸው ጮክ ብለው ደገሙላቸው።

ፊልሙ ለብቻው ለራጅ ሰነፍ ነው። ስለዚህ ካሴት በሚባለው ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ በሁለት ስክሪኖች መሐል ይገባል፤ ስክሪኖቹ ራጅ ሲነካቸው ያበራሉ፣ ፊልሙን በአብዛኛው የሚያጠቁረውም የእነሱ ብርሃን ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1896 እ.ኤ.አ. ካልሲየም ተንግስቴት የተባለውን ለዚህ ሥራ ካገኘው ወዲህ ለታማሚው የሚያስፈልገው ጨረር እጅግ ቀንሷል። ያለ ስክሪን ቢሆን ኖሮ እትዬ ለዚያች ምስል ብዙ እጥፍ ጨረር በተቀበለች ነበር።

ቀጥሎ ጨለማው ክፍል ነው። ደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ይበራል። ፊልሙ ከካሴት ወጥቶ ሀንገር ላይ በአራት ጥጉ ይወጠራል። መጀመሪያ ዴቨሎፐር፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ደቂቃ ያህል። ዴቨሎፐሩ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ብርሃን ያገኛቸውን ቅንጣቶች ብቻ ወደ ጥቁር የብር ብናኝ ይለውጣል። ከዚያ በውሃ ነከር። ከዚያ ፊክሰር፤ ብርሃን ያላገኘውን ሲልቨር ብሮማይድ አሟሙቶ ያወጣል፤ ፊልሙ ብርሃን ላይ መውጣት የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በሚፈስ ውሃ ማጠብ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ከዚያ አቧራ በሌለበት ማድረቅ።

«ደንቡ ይህ ነው» አሉ ጋሼ። «ደንቡ የተጻፈው ግን ብርድ ባለበት አገር፣ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ነው።»

በሥራ ዘመናቸው የደጋም የቆላም ሆስፒታል አይተዋል። ደጋ ላይ ክረምት ጠዋት ታንኩን ሲለኩት ቴርሞሜትሩ ከ13 ዲግሪ በታች ይላል፤ እዚያ ላይ ሃይድሮኪኖን ሥራ ያቆማል። ፊልሙ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ሐኪሙም በሽታ ይመስለዋል። ያልለመደ ሠራተኛ ጨረሩን ይጨምራል። ለታማሚው ሁለተኛ ጉዳት ነው። የለመደው ማንቆርቆሪያ ጥዶ፣ የፈላውን ውሃ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ሳይጨምር፣ ታንኩ በተቀመጠበት የውጭ ገንዳ ውስጥ እያፈሰሰ ቀስ በቀስ ያሞቀዋል። ቆላ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጄላቲኑ ሙቀት ሲበዛበት ይላላል፤ ጣት ቢነካው ምስሉ ከፕላስቲኩ ላይ ይላጣል። እዚያ በረዶ ፍለጋ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን ውሃ ሲጠፋ ነው አሉ። ፊክሰሩ ምስሉን አውጥቷል፣ ሐኪሙ ፊልሙን አምጡ ይላል፣ ቧንቧው ደርቋል። ፊልሙን በጀሪካን ውሃ አንድ ጊዜ ነክሮ ማድረቅ ይቻላል። ያን ቀን ማንም ልዩነቱን አያይም። ታማሚው አያይም፣ ሐኪሙም አያይም። ጄላቲኑ ውስጥ የቀረው ፊክሰር ግን ሥራውን አይተውም፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር የምስሉን ብር ወደ ሰልፋይድ እየለወጠ፣ ፊልሙን ቢጫ ከዚያም ቡናማ ያደርገዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ወደ ብርሃን ሲያነሳው የሚያየው እድፍ ነው።

«አንዳንዱ ጓደኛዬ በየጊዜው፣ ማን ሊጠይቅህ ነው ይህን ያህል የምታጥበው? ይለኝ ነበር። እኔ ውሃ በሌለ ቀን እንኳ በሦስት ባልዲ እያቀያየርኩ አጥብ ነበር።»

የእትዬን ፊልም ያጠበው ማን እንደሆነ ጋሼም አያውቁም፤ የተነሳችው እሳቸው በሚሠሩበት አልነበረም። ያ ሰው በ1990 ዓ.ም. በአንድ ተራ ቀን፣ ምናልባት የምሳ ሰዓት አልፎበት፣ ምናልባት ቧንቧው ቀጥኖ፣ ሠላሳ ደቂቃውን ቆሞ ጠብቋል። ይህን ሥራ ያመሰገነው አልነበረም፤ ጥራቱም የሚታየው እሱ ከተረሳ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት ይህ ሰው ነው። ታማሚን የሚያድነው የሐኪሙ ዕውቀት ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን እንላለን፤ ግን ስንቶቻችን ነን የጨለማ ክፍል ሠራተኛ አመስግነን የምናውቅ?

ጨዋታው ረዘመ። ስለ ብር ነገሩኝ፤ ያገለገለ ፊክሰር ውስጥ የሟሟው ብር በኤሌክትሪክ ተጣርቶ እንደሚወጣ፣ ፈላጊዎች አሮጌ ፊልም በኪሎ እንደሚገዙ፣ በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጄላቲኑ ለቅቆ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ብቻ እንደሚቀር። የስንት ሰው ደረት በዚያ መንገድ እንደሄደ እግዚአብሔር ይወቅ። ፊልምን ስለሚፈሩ ሰዎችም ነገሩኝ፤ ፍርሃቱ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም። የቀድሞው ፊልም ከናይትሮሴሉሎስ ይሠራ ነበር፤ በግንቦት 1929 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ምድር ቤት የተከማቸ ራጅ ፊልም ተቃጥሎ፣ መርዛማ ጭሱ 123 ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ በቀላሉ በማይቀጣጠል ፕላስቲክ ተተክቷል።

እኔም በተራዬ ስለ ዓድዋ ነገርኳቸው፤ ይህን ታሪክ ስናገር ሁሌም ደስ ይለኛል። ሮንትገን በጀርመን ዉርዝቡርግ ራጅን ያገኘው በኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. ገብቷል። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው በዚያው ዓመት የካቲት 23 ነው፤ መሐላቸው አራት ወር አይሞላም። በዚያው ፀደይ፣ በግንቦት 1896 እ.ኤ.አ.፣ ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የጣሊያን ጦር ሐኪም ናፖሊ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከእኛ ጋር ተዋግተው የቆሰሉ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረ ጥይት በራጅ ፈልጎ አገኘ። ራጅ በዓለም ላይ ለጦር ቁስለኛ መጀመሪያ ከዋለባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም አሉና «ያ ጥይት የኛ ነዋ!» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን በሠሩበት ሙያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አገራቸውን አገኟት።

ፊልም ከሕክምናም ውጭ ብዙ አሳይቷል። የፊዚክስ ሊቁ ቤክሬል በ1896 እ.ኤ.አ. በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጠው የፎቶግራፍ ሳህን ላይ የዩራኒየም ጨው ጥላ ያገኘው ሳህኑን ስላጠበ ነው። ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ በግንቦት 1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የዲ.ኤን.ኤን መስቀል መሰል ምልክት ያነሱት በራጅ ፊልም ነው፤ ፊልሙ ጨረሩ ፊት ከ60 ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ከዚያ ይኸው ዴቨሎፐርና ፊክሰር ውስጥ አልፏል። የራጅ ሠራተኞችም ደረታቸው ላይ ትንሽ ፊልም ይለጥፉ ነበር፤ በየጊዜው ታጥቦ ምን ያህል እንደጠቆረ ሲለካ የተቀበሉት ጨረር ይታወቃል። ጋሼ ለዓመታት አድርገውታል።

ስነሳ ዝናቡ ጀመረ። ቆይ ያባራል አሉኝ፤ ሐኪሙ የቀጠረን በማግስቱ ስለሆነ ወጣሁ። ፖስታውን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ዓለም ገና ላይ ታክሲው ጎማ ፈነዳበትና ወርደን በዝናብ ሌላ ጠበቅን። ሁለተኛው ታክሲ መስኮቱ አይዘጋም፤ ረዳቱ ዕቃ ሁሉ ከኋላ ይግባ ብሎ ፌስታሉን ከእጄ ተቀብሎ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ የሽንኩርት ጆንያ ሥር አስገባው። አየር ጤና ላይ ሳወጣው ፌስታሉ ተቀዷል። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ፖስታው ፊልሙ ላይ ተጣብቋል።

ጄላቲን ሲርስ ይለሰልሳል፤ ወረቀት ከተጣበቀበትና እንዲሁ ከደረቀ፣ ሲላጥ ምስሉን ይዞ ይላጣል። ይህን ከሰዓታት በፊት ባልሰማ ኖሮ በቀጥታ እስበው ነበር። ጋሼ ዘንድ ደወልኩ።

«እንዳትስበው! ፎጣም እንዳታስነካው። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ፣ ሰፋ ባለ ሳፋ። ከነወረቀቱ ንከረው።»

ነከርኩት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ወረቀቱ በራሱ ተንሳፈፈ። ውሃውን አቀያየርኩ። ፊልሙን በጥጉ ብቻ ይዤ አወጣሁና መታጠቢያ ቤት በዘረጋሁት ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት። ጋሼ በየሰዓቱ እየደወሉ ጠየቁ፤ መስኮቱ ይዘጋ፣ ማሞቂያ አይጠጋ፣ ከታች ጥጉ ላይ የሚጠራቀመውን ጠብታ በወረቀት ጫፍ ምጠጠው። ሌሊት እየተነሳሁ አየሁት። ጠዋት ደርቋል። በአንድ ጠርዙ ላይ የውሃ ክብ ምልክት ቀርቷል፤ ሳንባው ንጹሕ ነው።

ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቀላቸው። ማስመሪያ አውጥቶ ለካ። ያቺ የተጨማደደች መስመር እዚያው ናት፣ በዚያው መጠን። አክታዋም ከነቀርሳ ነጻ ሆኖ መጥቷል። ሳሉን ከምድጃ ጭስና ከብርድ ጋር የተያያዘ ብሮንካይትስ ነው ብሎ መድኃኒት ጻፈላት፤ ምድጃውን ከመኝታ ክፍሏ እንድታርቅም አዘዛት። መርፌው ቀረ። እትዬ ከተቀመጠችበት ተነስታ የሐኪሙን ትከሻ ሳመች።

ለጋሼ ደወልኩ። ውጤቱን ከመናገሬ በፊት «የውሃው ምልክት ሳንባው ላይ ደረሰ?» አሉ። አልደረሰም አልኳቸው። ፍጹም ደስታ በድምፃቸው ተሰማ።

አሁን ፊልሙ ሱሉልታ ነው፤ ከፍራሹ ሥር ወጥቶ፣ በሁለት ካርቶን መሐል፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፖስታው ላይ ስሟን፣ ዓመተ ምሕረቱንና «መድኃኒት ስትጨርስ» የሚለውን ጽፌበታለሁ። አዲሱ በሙቀት የታተመ ስለሆነ ለብቻው፣ ከምድጃውና ከመስኮቱ ርቆ ተቀምጧል፤ ሙቀት ካገኘ ይጠቁራል።

ለቡራዩ ልጆች ደግሞ መነጽር እየፈለግሁ ነው። ቁርጥራጮቹን ተቀብያቸዋለሁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፀሐይ እንደገና ትጋረዳለች፤ ሙሉው ጨለማ በግብፅ፣ በሳውዲና በየመን አልፎ ሶማሊያ ይደርሳል፣ እኛ ዘንድ ከፊሉ ይታያል። ትልቁ ልጅ ቀኑን ከነገርኩት ጀምሮ በተገናኘን ቁጥር መነጽሩ የት ደረሰ ይለኛል። ክረምት ነውና ደመናው ከፈቀደ ገፈርሳ ግድብ ዳር ወጥተን እናየዋለን ብዬዋለሁ።